ፎቶው ምን ይላል?

እስቲ ውድ አንባቢ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ስልክዎን ያንሡና የቤተሰብዎን የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ። ባለፈው ሳምንት ከገቡት መልእክቶች ስንቱ ፎቶ ነው? የልደት ኬክ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ አበባ የተሣለበት «እንኳን አደረሳችሁ»፣ የቀብር ማስታወቂያ... አሁን ደግሞ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ከዚያ ሁሉ ምን ቀረልዎ?

እኔ ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። የመዘግየቴን ዋጋ የከፈልሁት ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ አጎቴ ናቸው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል። እኔን ራሴን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግላኮማ የዓይናቸውን ብርሃን ቀስ በቀስ ወሰደባቸው። ግላኮማ አታላይ በሽታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳያም ሳይቆረቁር ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣና ሰው ሲነቃ ብዙው ሄዷል። የሄደው ደግሞ አይመለስም። (እግረ መንገዴን፦ በቤተሰብዎ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።)

ጋሼ ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ልጃቸው ስልካቸው ላይ ስክሪን ሪደር ከፈተላቸው። ይህ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተከተለ ጮክ ብሎ የሚያነብ መተግበሪያ ነው። በአንድሮይድ ስልኮች «ቶክባክ»፣ በአይፎን ደግሞ «ቮይስኦቨር» ይባላል፤ ምናልባት እርስዎም ሳያውቁት ኪስዎ ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ጣትን ወደ ቀኝ ሲያንሸራትቱ የሚቀጥለውን ያነባል፤ ሁለቴ መታ ሲያደርጉ ይከፍታል። አማርኛ የሚያነበው ድምፅ ትንሽ የብረት ብረት ይላል። ጋሼ ግን በአንድ ወር ውስጥ ለመዱትና ዜና ያነባሉ፣ መልእክት ይልካሉ፣ በግሩፓችን የፊደል ግድፈት የሠራውን ሁሉ ያርማሉ። ሰው ሁሉ ስለዚህ አንድ ነገር ረሳ፦ ስክሪን ሪደር የሚያነበው ጽሑፍን ነው። ፎቶ ሲገጥመው ብዙውን ጊዜ «ፎቶ» ብሎ ያልፋል።

ያን ጊዜ የጋሼ የሥራ ባልደረባ አረፉ። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት ለዓመታት አብረው ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የማይቀሩ ወዳጆች ነበሩ። የሟች ልጅ ጓደኛዬ ናት። «አንቺ ዲዛይን ትችያለሽ፣ የቀብሩን ማስታወቂያ ሥሪልኝ» አለችኝ። እኔም ማርኬቲንግ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝና እያለቀስሁ ሠራሁት። ጥቁር መደብ፣ በአንድ ጥግ ሻማ፣ መካከሉ ላይ ፎቷቸው፣ ከሥር ስማቸው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቤተ ክርስቲያኑ። ያየው ሁሉ ለክብራቸው የሚመጥን ነው አለኝ። እሷ በጡረተኛ መምህራኑ ግሩፕ ላከችው። እኔም በቤተሰባችን ግሩፕ ላክሁት፤ ከሥሩ ያስቀመጥሁት የተጣመሩ እጆች ምልክት ብቻ ነበር።

በማግሥቱ በቀብሩ ላይ ጋሼን ባይኔ ፈለግኋቸው። የሉም። ባለቤታቸው ያን ሳምንት ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ነበሩና «ምናልባት አሟቸው ይሆን?» ብዬ ሰጋሁ። ማታ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ምነው ቀሩ?»

«የት?»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ።

ማንም አልነገራቸውም ነበር። ሁላችንም ሌላው ነግሯቸዋል ብለን አስበናል፤ ደግሞስ በሁለት ግሩፕ ተልኮላቸው የለ? ስልካቸው ያነበበላቸው ግን «ፎቶ። የተጣመሩ እጆች» የሚል ብቻ ነው። በየማለዳው ከሚላኩት የመልካም ምኞት ካርዶች አንዱ መስሏቸው አለፉት።

በሠልስቱ አብረን ሄድን። መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልወቀሱኝም። ለቅሶው ቤት ልንደርስ ስንል ግን፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «ፎቶ እንደ ተላከማ ሰምቻለሁ። ፎቶው ምን እንደሚል ግን አልነገረኝም» አሉ።

ይቺ ዓረፍተ ነገር ሥራዬ ድረስ ተከተለችኝ። የምሠራው የቤት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። የድረ ገጻችንንና የማኅበራዊ ገጾቻችንን ምስሎች የምመርጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሁሉ ሰው ከወጣ በኋላ የስልኬን ቶክባክ ከፈትሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁና ከራሴ ድረ ገጽ አንድ ሶፋ ለማዘዝ ሞከርሁ። «ምስል። አይ ኤም ጂ ዜሮ ዜሮ አርባ ሁለት።» ጣቴን አንሸራተትሁ። «ምስል። ዋትስአፕ ኢሜጅ ሃያ ሃያ...» እንደገና። «በተን።» የምን በተን? «በተን።» ሃያ ደቂቃ ታገልሁ። ሶፋውንም አላገኘሁት፣ ዋጋውንም አልሰማሁት፣ ስልክ ቁጥራችንም የተጻፈው ባማረው ባነር ምስል ውስጥ ስለነበር ደውዬ እንኳ መጠየቅ አልቻልሁም። የተመሰገንሁበት ገጽ ለጋሼ የተዘጋ በር ነበር።

መፍትሔው ረቂቅ ነገር እንዳይመስልዎ። ድረ ገጽ ላይ ምስል ሲቀመጥ ከጀርባው አጭር ጽሑፍ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባለሙያዎቹ «ኦልት ቴክስት» ይሉታል፣ እኔ «የምስል መግለጫ» እለዋለሁ። ለሚያይ ሰው አይታይም። ስክሪን ሪደር ግን ምስሉ ጋ ሲደርስ ያነበዋል። አዲስ ግኝትም አይደለም። የዓለም አቀፉን ድር ደረጃዎች የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሺየም የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመመሪያው አንደኛ ነጥብ ራሱ ለሚታይና ለሚሰማ ነገር ሁሉ አቻ አማራጭ ይቀመጥለት የሚል ነበር። አገራችንም በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጹ መረጃንና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ተደራሽ ማድረግን ይጠይቃል። ቦታው ነበረ፤ ባዶ የተውሁት እኔ ነኝ።

«እንግዲህ ልሙላዋ» ብዬ ስነሣ ግን መጻፉ ራሱ ትምህርት የሚጠይቅ ሆኖ አገኘሁት። እሑድ እሑድ ቡና እየተፈላ የጻፍሁትን ለጋሼ አነብላቸው ጀመር። መጀመሪያ ያቀረብሁት የአክስቴን ልጅ ክርስትና ፎቶ ነበር። በደሌን ልክስ ብዬ ምንም አላስቀረሁም። «ሰማያዊ ሰማይ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ከኋላ ነጭ የግንብ አጥር፣ በስተግራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች...» ጋሼ እስክጨርስ አልጠበቁም። «ልጄ፣ አጥሩን ለግንበኛ ተዪለት። ሕፃኑ ማንን ይመስላል?»

በሚቀጥለው እሑድ አሳጠርሁት። «እጅግ የሚያምርና ልብን የሚነካ የቤተሰብ ትዝታ።» ይህ የሥራ ልማዴ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ እንዲህ ለመጻፍ ነው። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማማሩን እኔ ልፍረድ። አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ።»

በሦስተኛው እሑድ እንዲህ አልሁ፦ «እማማ ሕፃኑን ታቅፈው ይስቃሉ፤ ሕፃኑ ነጠላቸውን ጨምድዶ ይዞ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል።» ጋሼ ሳቁ። «አያቱን ነው የወጣው። እሱም በካሜራ ፊት እንዲሁ ነበር» አሉ። ያን ዕለት ገባኝ። መግለጫ ማለት በፎቶው ውስጥ ያለውን ሁሉ መቁጠር አይደለም። «ይህን ፎቶ ለምን ላክሁት?» ብሎ ራስን መጠየቅና ያንኑ መናገር ነው።

ይህን ካወቁ የቀረው ቀላል ነው። አንድ ሁላችንም የምናውቀውን ምስል ልውሰድ፦ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ኦሎምፒክ፣ መለያ ቁጥር 11 ለጥፎ፣ በባዶ እግሩ ሲሮጥ። ይህ ፎቶ ስለ ኦሎምፒክ ታሪካችን በሚተርክ ገጽ ላይ ከዋለ መግለጫው «አበበ ቢቂላ በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲሮጥ» ቢባል ይበቃል። ያለ ጫማ ስለ መሮጥ በሚያወራ የጤና ገጽ ላይ ከሆነ የአንባቢው ጉዳይ እግሩ ነውና መግለጫውም ወደ እግሩ ያዘነብላል፤ «የማራቶን ሯጭ በጎዳና ላይ ያለ ጫማ ሲሮጥ» ይበሉት። ፎቶው ሲነካ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ሰውየው መስማት የሚፈልገው የሚሄድበትን ነው፤ «ወደ አትሌቲክስ ዜና» ይባላል እንጂ ስለ አበበ አይተረክም። ለጌጥ ብቻ ጥግ ላይ ተለጥፎ ከሆነስ? ያኔ መግለጫው ሆን ተብሎ ባዶ ይደረጋል፣ ስክሪን ሪደሩም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ልብ ይበሉ፣ ባዶ ማድረግና መርሳት አንድ አይደሉም። ሲረሳ ነው ያ «አይ ኤም ጂ ዜሮ ዜሮ አርባ ሁለት» የሚመጣው። ፎቶው አንድ፣ መግለጫው አራት ዓይነት። ልዩነቱ የመጣው ከቦታው ነው።

ከጋሼ የተማርኋቸው ጥቂት ነገሮች ደግሞ እነሆ። መግለጫዎን «ይህ ፎቶ የሚያሳየው» ብለው አይጀምሩ፤ ስክሪን ሪደሩ ምስል መሆኑን ቀድሞ ተናግሯል። ዋናውን ነገር ከፊት ያምጡ፤ የሚሰማ ሰው እንደሚያይ ሰው ወደ መጨረሻው መዝለል አይችልም። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ግራፍ ከሆነ መስመሩ ቀይ መሆኑን ትተው የሚያሳየውን ውጤት ይናገሩ፣ ዝርዝር ቁጥሮቹንም ከሥር በጽሑፍ ያስቀምጡ። የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ገዢው ሱቅ ውስጥ በዓይኑ የሚያረጋግጠውን ይጻፉ። የእኛ ሶፋ ዛሬ «ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ፣ ግራጫ ጨርቅ፣ የእንጨት እግር» ይላል። «ቤትዎን የሚያደምቅ» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ያደምቀው እንደሆነ ገዢው ይፍረድ።

ከሁሉም በላይ ግን ምስል ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ ካለ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው ይጻፉት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስልክ፣ ዋጋ። ይህ ለማያዩ ብቻ እንዳይመስልዎ። ለታመመ ሰው መርጃ ተብሎ የሚላከውን ፖስተር ያስቡት። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ያለው ምስሉ ውስጥ ነው። ኮፒ ልናደርገው ብንል እንደ ጽሑፍ አይቀልም፤ በወረቀት ገልብጠን፣ አንድ አኃዝ ተሳስተን፣ «ኋላ አስገባለሁ» ብለን እንረሳዋለን። ከሥሩ በጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ብር በዚያች ደቂቃ ይገባ ነበር! ኔትወርክ ሲደክምም እንዲሁ ነው፤ ድረ ገጽ ላይ ምስሉ አልወርድ ሲል በቦታው የሚታየው ያ የተደበቀ መግለጫ ነው። ጎግልም ምስል ሲፈለግ ይህንኑ ጽሑፍ ያነባል።

እኔም አለቃዬን ያሳመንሁት በዚህ በመጨረሻው ነው ብል አልዋሽም። መጀመሪያ «ለመሆኑ ስንት ዓይነ ስውር ደንበኛ አለን?» ብሎኝ ነበር። «ይህን ድረ ገጽ ይዘን እንዴት እናውቃለን?» አልሁት። ዝም አለ። የጠየቀው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኔም ከዚያ ማታ ስልክ በፊት እንደሱ ነበርሁ። ዓይነ ስውር ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው መንገድ የሚያሻግሩት ሰው እንጂ ሶፋ የሚመርጥ፣ ዋጋ የሚያወዳድር፣ ውል የሚፈርም ሰው አይደለም። በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሴ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ በኩራት ፎቷቸውን ያጋራን ብዙዎች ነን። ከፎቶው ሥር እሳቸው ራሳቸው ቢያነቡት የሚገባቸውን ነገር የጻፍን ስንቶቻችን ነን?

«ይህን ሁሉ አሁን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራው የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፌስቡክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶዎችን በራሱ መግለጽ ጀምሯል፤ የዛሬዎቹ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያዎች ደግሞ ከዚያ በብዙ የተሻሉ ናቸው። ጋሼም ይጠቀሙባቸዋል፣ ይጠቅሟቸዋልም። ነገር ግን መተግበሪያው «ነጭ ልብስ የለበሱ ሴት፣ ሕፃን ልጅ» ይላቸዋል እንጂ ሴትየዋ እህታቸው መሆናቸውን፣ ከቀዶ ሕክምና ተነሥተው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት በዚያች ዕለት መሆኑን አይነግራቸውም። ፎቶውን ለምን እንደ ላኩት የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

እና ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ከቤትዎ ይጀምሩ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ሲልኩ ከሥሩ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ አንዲት መስመር ይጨምሩ። ፌስቡክና ኢንስታግራም ፎቶ ሲለጥፉ «ኦልት ቴክስት» የሚል የራሱ ቦታ አላቸው። በወርድ የሚጽፉ ከሆነ ምስሉን በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ እዚያው ያገኙታል። የልጅዎ ትምህርት ቤት የስብሰባ ጥሪውን በምስል ብቻ ከላከ፣ ወላጆች መካከል የማያይ ሊኖር እንደሚችል በትሕትና ያስታውሱ። ድረ ገጽ ያለው መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ አንድ ማታ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት፤ የቀረውን እሱ ራሱ ያስተምርዎታል። ሲጽፉ ከተቸገሩ ደግሞ ፎቶውን ለእናትዎ በስልክ እየነገሯቸው እንደሆነ ያስቡ። «አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ዛፍ» ይሏቸዋል? «የማሙሽ እጮኛ መጣች፣ ቀሚሷ እንዴት ያምር መሰለዎት፣ ማሙሽ ደግሞ ከሀፍረቱ መሬት መሬት ያያል» ይሏቸዋል እንጂ!

ባለፈው ሰሞን የጋሼ ወዳጅ ሙት ዓመት ነበር። ጓደኛዬ አሁንም ማስታወቂያውን እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ጥቁሩ መደብ፣ ሻማውና ፎቷቸው እንደ በፊቱ ነው። ከሥሩ ግን ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በጽሑፍ ደገምሁት። ቀጥዬም «ፎቶው ላይ መምህራችን ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈገግ ብለዋል» የሚል ጨመርሁበት።

በዕለቱ እኔ ስደርስ ጋሼ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሦስት የድሮ መምህራን ከብበዋቸዋል። እጄን ሲይዙ በድምፄ ዐወቁኝ።

«እነዚህን የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ግሩፕ ውስጥ የሉም፤ እንዳነበብሁት ደወልሁላቸው።» ትንሽ ቆዩና ጨመሩ። «መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ክፍል ውስጥ ይፈልገው ነበር። ተማሪው ሁሉ ይስቃል። እኔ ረስቼው ነበር።»